በርጫ ሳትቀመጪ ሰው ማወቅ፦ ለድሬ ሴት ኢንጂነሮች

ሰባት ሰዓት ላይ ድሬ ይበተናል። ጫቱ ከአወዳይ ገብቷል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ወንዶቹ ባልደረቦችሽ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው አንዱ ጋ ለበርጫ ይሰበሰባሉ። አንቺ ምሳሽን በልተሽ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ። በማግስቱ ጠዋት ስትገቢ አዲሱ ፕሮጀክት ላይ ማን እንደሚመደብ፣ የትኛው ፋብሪካ ኤሌክትሪካል ኢንጂነር እንደሚፈልግ፣ የትኛው ኮንትራክተር ክፍያ እንደቆመበት ሁሉም ያውቃል። ካንቺ በስተቀር።

እኔ ይሄን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ስብሰባ ሳይጠራ ነገር ሁሉ የሚያልቀው እንዴት ነው ብዬ አንዱን ስጠይቀው "ትናንት በርጫ ላይ ተጫወትነው እኮ" አለኝ፣ ምንም ሳይመስለው። ክፋት አልነበረውም። እኔን ማንም አላባረረኝም፣ እዚያ አለመኖሬን ያስተዋለም የለም። ችግሩም እሱ ነው።

በርጫ የምትቀመጥ ሴት ካለች የራሷ ጉዳይ ነው። እኔ ግን አልቅምም፣ ከሰዓት በኋላዬንም ፍራሽ ላይ ማሳለፍ አልፈልግም። ስለዚህ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረብኝ። ያገኘሁትን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

1. መጀመሪያ የምታውቂያቸውን ጻፊ

ኔትወርኪንግ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሱፍ ለብሰው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቢዝነስ ካርድ የሚለዋወጡ ሰዎች ናቸው። ተዪው። ደብተር አውጪና ሠላሳ ስም ጻፊ። አይሞላልኝም ካልሽ በደንብ አላሰብሽም። የክፍል ልጆችሽ አሉ። የላብ ቴክኒሻኑ አለ። ኢንተርንሺፕ ስትወጪ ኬብል ያስጎተተሽ ፎርማን አለ። ዕቃ ግምጃ ቤት ያለችው ልጅ፣ ብሬከርና ኮንታክተር የሚሸጠው ባለሱቅ፣ ዘንግ የሚያወጣልሽ ቶርኖ ቤት አለ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሦስት ነገር አስፍሪ፦ አሁን የት ነው፣ ምን ያውቃል፣ መጨረሻ ያወራችሁት መቼ ነው።

ባለሱቁንና ቶርኖ ቤቱን ያስገባሁት ለቁጥር ማሟያ አይደለም። የትኛው ፋብሪካ ማሽን እየቀየረ እንደሆነ፣ የትኛው ሳይት ዕቃ መግዛት እንዳቆመ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ደሞ ይሄ ከተማ ራሱ የወርክሾፕ ልጅ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ባይደርስ ከዚራ የሚባል ሰፈር ባልኖረ ነበር። ሐረር ተወልዳ ያደገችው ቤተልሔም ደሴም ወደ ኮምፒውተሩ የገባችው በዘጠኝ ዓመቷ፣ በአባቷ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቪዲዮ እያቀናበረችና ስልክ ላይ ሙዚቃ እየጫነች ነው። ሱቅ አትናቂ።

2. ምን እንደምትሠሪ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሪ

እዚህ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ "የማን ልጅ ነሽ?" ነው፣ ቀጥሎ "ሰፈርሽ የት ነው?" አትኮሳተሪ፣ ሳቢያን ነው፣ ገንደ ቆሬ ነው ብለሽ መልሺ። "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲመጣ ግን "ኢንጂነር ነኝ" ብለሽ አትቁሚ። እንዲያ ያልሽው ሰው "ጎበዝ" ብሎሽ ያልፋል። "የፋብሪካ ሞተርና ፓነል ጥገና ላይ ነኝ፣ አሁን በሙቀት የሚቆሙ ሞተሮችን እየተከታተልኩ ነው" ያልሽው ሰው ግን "እኛም ጋ አንድ አስቸጋሪ አለ" ይልሻል። ወሬው ተጀመረ ማለት ነው።

ገና ተመርቀሽ ከሆነ የመመረቂያ ሥራሽን ተጠቀሚ። የጎርፍ ማፋሰሻ ላይ የሠራሽ ሲቪል ከሆንሽ ድሬ ላይ ወሬ አያልቅብሽም። የሐምሌ 1998ቱን የደቻቱን ጎርፍ የማያነሳልሽ ሰው የለም።

3. የመጀመሪያውን መልእክት እንዲህ ላኪ

አብዛኛው ሰው የሚበላሸው እዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ "ሰላም፣ እንዴት ነህ፣ ሥራ ካለ ንገረኝ" ብለሽ ለማታውቂው ሰው ከላክሽ መልስ አትጠብቂ። ምን ብሎ ይመልስልሽ? ይልቅ እንዲህ በዪ፦

"ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። እገሊት እባላለሁ፣ እዚሁ ድሬ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ስልክዎን የሰጠኝ እገሌ ነው። እኛ ጋ አንድ የኮምፕረሰር ሞተር ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ ብቻ ኦቨርሎድ እያለ ይቆማል። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞዎት ያውቃል? ሁለት ፎቶ ልኬያለሁ። ሲመችዎ ቢመልሱልኝ አመሰግናለሁ።"

ማን እንዳገናኘሽ ተናግረሻል። ጥያቄው አንድ ነው፣ በሁለት ደቂቃ ድምፅ ይመለሳል። ሥራ አልለመንሽም። በአንቱታ ጀምሪ፣ ድሬ ላይ ብዙ አይቆይም፣ ሰውየው ራሱ "አቦ አንተ በዪኝ!" ይልሻል። የምትልኪው ጠዋት ሦስት፣ አራት ሰዓት አካባቢ ይሁን። ከስምንት ሰዓት በኋላ የላክሽው መልእክት ምርቃና ላይ ያገኘዋል። ብዙ ቃል ይገባልሽና ነገ አያስታውሰውም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፣ የሚሠራውም ሰው ጥቂት ነው። ምክሩን ከሰጠሽ በሳምንቱ መልሰሽ ጻፊለት። "ያሉኝን ሞክሬ እንዲህ ሆነ፣ ይሄኛው ሠራ፣ ያኛው አልሠራም" በዪው። ምክር የሰጠ ሰው መጨረሻውን ማወቅ ይፈልጋል። እኔን ከሰዎች ጋር ያወዳጀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይሆን ይሄ ሁለተኛው መልእክት ነው።

4. ሰዓቱንም ቦታውንም አንቺ ምረጪ

የድሬ ጠዋት ያንቺ ነው። ሰው ሳይደክመው፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ ከሥራ በፊት ወይ በሻይ ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ ጠይቂ። "አንድ ቀን እንገናኝ" አትበዪ፣ ቀኑን አታዪውም። "ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ከቢሮዎ በር ላይ ሻይ ልጋብዝዎ?" በዪ።

እዚህ ጋ ግልጽ ልሁን። "ላግዝሽ" ብሎ ማታ ካልተገናኘን የሚል ሰው ይገጥምሻል። እኔም ገጥሞኛል። ቀን፣ ሰው ያለበት ካፌ፣ የት እንደሆንሽ ለአንድ ሰው ነግረሽ። ሲደጋግም "ጥያቄዬ የሥራ ነው፣ በዚሁ በቴሌግራም እንጨርሰው" ብለሽ ጻፊለት፣ ጽሑፉንም አታጥፊ። የገዛ አለቃሽ ከሆነ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ቦታ ላይ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። አሠሪው ወይ ሥራ መሪው ይሄን ካደረገብሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ለመልቀቅም መብት ይሰጥሻል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደነበረ በዚያው ደብተር ያዢ። አንድ ሰው ስላጣሽ ሙያው አይዘጋብሽም። ሠላሳ ስም ያስጻፍኩሽ ለዚህም ጭምር ነው።

5. የምትታወቂበት አንድ ገጽ ይኑርሽ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኔ ሁሉንም የቀየረው ይሄ ነው።

ከላይ በመልእክቱ ያነሳሁት ሞተር እውነተኛ ነው። በየቀኑ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ውስጥ ይቆማል። ሰዎቹ የኦቨርሎዱን፣ ማለትም ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ የሚያቋርጠውን መሣሪያ፣ ቁልፍ ከፍ አድርገው ማስነሳት ለምደዋል። "ከፍ አድርጊውና ተገላገዪ" አሉኝ። እኔ ደግሞ እሺ ማለት አቃተኝ። ኦቨርሎዱ የሚጠብቀው የሞተሩን የሽቦ ጥቅልል ነው፣ ዘበኛውን አስክረሽ ሌባ የለም ማለት አይቻልም።

ክላምፕ ሜትር (የከረንት መለኪያ) እና ቴርሞሜትር ይዤ ለሦስት ቀን በየሰዓቱ ለካሁ። አምፒሩ ከሰዓት በኋላም ቢሆን ሞተሩ ላይ ከተጻፈው አላለፈም። የፓነሉ ውስጥ ሙቀት ግን ጠዋት ከነበረው በጣም ይወጣል። ፓነሉ የተሰቀለው የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ነው፣ የማራገቢያው ማጣሪያ ደግሞ በአቧራ ተደፍኗል። ኦቨርሎድ ሪሌው ውስጥ በሙቀት የሚታጠፍ ቢሜታል አለ። የሚያሞቀው በውስጡ የሚያልፈው ከረንት መሆን ሲገባው ፓነሉ ራሱ ቀድሞ አሙቆ ያቆየዋል። ብዙዎቹ ሪሌዎች ለአካባቢ ሙቀት ማካካሻ አላቸው፣ እሱም ግን እስከ ልኩ ድረስ ነው። የሞተሩ የማቀዝቀዣ ክንፎች ደግሞ ዘይትና አቧራ ተጋግሮባቸው ነበር፣ በጥፍሬ ፍቄ ነው ብረቱን ያየሁት።

መጽሐፉም ያለው ይሄንኑ ነው። መደበኛ ሞተር የሚሠራው ለ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ለ1,000 ሜትር ከፍታ ተሰልቶ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ከፍታው ብዙ አይጎዳም፣ የቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለው ሙቀት ግን 40ን እንደ ቀልድ ያልፋል። ጥቅልሉ ከልኩ በላይ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የኢንሱሌሽኑ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል የቆየ የባለሙያ ልማድ አለ። ቁልፉን ከፍ እያደረጉ የሚያስነሱት ሞተር እንግዲህ ምን እንደሚሆን ገምቺ። ኬብልም እንደዚያው ነው፦ በ30 ዲግሪ የተሰላ የፒቪሲ ኬብል 40 ላይ ከረንት የመሸከም አቅሙን በ0.87 ታባዢዋለሽ።

ማጣሪያውን ቀየርን፣ ክንፎቹን አጠብን፣ ፓነሉን ወደ ጥላው ግድግዳ አዞርን። ሞተሩ መቆሙን አቆመ። የኦቨርሎዱን ቁልፍም ወደ ልኩ መለስኩት።

ከዚያ ዋናውን ሥራ ሠራሁ። አንድ ገጽ ጻፍኩ። ላይኛው መስመር ችግሩ፣ ቀጥሎ የሰዓትና የሙቀት ሰንጠረዥ፣ አራት ፎቶ፣ ምን እንዳደረግን፣ ምን እንዳወጣን። ለአለቃዬ አሳይቼ የድርጅቱን ስምና ሚስጥር የሆነ ነገር ካለ ከገጹ ላይ ሰረዝኩ። ይሄን አትዝለዪ፣ ፈቃድ ያልጠየቅሽበት ፎቶ መዘዝ ያመጣል። ከዚያ ለሦስት ሰው ላክሁት። አንዱ ለሌላ አስተላለፈው። በሁለተኛው ወር አንድ የማላውቀው ሰው ደወለና "የሞተሯ ልጅ አንቺ ነሽ?" አለኝ። ስሜን እንኳ አያውቀውም። እንደውም በርጫ ላይ ነው አሉ ያነበቡት። እኔ ሳልገባ ወረቀቴ ገባ።

ያንቺ ሞተር ላይሆን ይችላል። ኮንክሪት ቀትር ላይ ሲሞላ የተሰነጠቀበት ሳይት፣ የመጠን ልዩነት የወጣበት ቢል፣ የማይሠራ ፓምፕ፣ ሰዎች በወረቀት የሚሞሉትን ነገር በኤክሴል ያቀለልሽበት፣ ማንኛውም። በሦስት ወር አንድ ገጽ በቂ ነው። በዓመት አራት ይሆናል፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይዘሽው ስትገቢ ሲቪሽን ማንም አያነበውም፣ እሱን ነው የሚገለብጡት።

6. የልምድ ወረቀትሽን ሳትለቂ አውጪ

የመጀመሪያ ሥራዬን ስለቅ የተሰጠኝ ወረቀት "በድርጅታችን ውስጥ ሠርታለች" ይላል። በቃ። ምን እንደሠራሁ የለም። ላስተካክል ብዬ ስመለስ ፕሮጀክቱ ተዘግቷል፣ የሚፈርመው ሰውዬ ሌላ ከተማ ነው። አንድ ዓመት ከሰባት ወር ልምዴ ግማሽ ሆኖ ቀረ።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥሽ ያዛል። ስትለቂ ብቻ አይደለም፣ በጠየቅሽ ጊዜ ነው። በየዓመቱ ጠይቂ። ረቂቁን ራስሽ ጻፊላቸው፣ ሰው ኃይል ያሉት ሰዎች ደስ ይላቸዋል፣ ሥራ ቀነሽላቸው። ሹመትሽ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የፕሮጀክቱ ዓይነትና መጠን፣ አንቺ በእጅሽ የሠራሽው ይግባበት። "ረዳች" የሚል ቃል ሲያስገቡብሽ፣ አንቺ ራስሽ የመራሽውን "መራች" ብለሽ አስተካክዪ። ኮንስትራክሽን ላይ ከሆንሽ የሙያ ምዝገባሽን ደረጃ ስታሳድጊ የሚቆጠርልሽ በወረቀት ያለው ነው፣ ላብሽ አይቆጠርም።

7. እቁብ ጣዪ

እናቶቻችን ያለ ኮርስ ኔትወርክ ያውቃሉ። እቁብ አላቸው፣ እድር አላቸው፣ የሐረር ሴቶች አፎቻ አላቸው፣ ሠርግም ለቅሶም ሲመጣ ማን ምን እንደሚይዝ ጥሪ አያስፈልግም። እኛ ሰባት ሆነን ጀመርን። ሦስት ሲቪል፣ ሁለት ኤሌክትሪካል፣ አንድ ኬሚካል፣ አንድ ሶፍትዌር። በወር 1,500 ብር፣ ዕጣው 10,500 ይሆናል። ደንቡ ሁለት ነው። ገንዘቡ ለሙያ ይውላል፦ ሥልጠና፣ ፈተና፣ ላፕቶፕ፣ መሣሪያ። የወሰደችው ደግሞ የተማረችውን ለአንድ ሰዓት ታስተምረናለች።

አንዷ አዲስ አበባ የአምስት ቀን ሥልጠና አግኝታ "የሞግዚት ይቆጠራል ወይ?" ብላ ጠየቀች። አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራከርንበት። ይቆጠራል ተባለ። ወንዱ ኢንጂነር ሥልጠና ሲሄድ ልጁን የሚይዝለት ሰው ቤት ውስጥ በነፃ አለ፣ እሷ ጋ ያ ወጪ ነው። አሁንም በዚህ የማትስማማ አባል አለችን፣ እሷም አልወጣችም።

አንድ ወር ድሬ፣ አንድ ወር ሐረር እንገናኛለን። 55 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደንገጎን ስትወጪ ንፋሱ ይቀየራል፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያለቀው ወሬ ከስብሰባው ይበልጣል። ከአምስት በታች ከሆናችሁ ዕጣው ያንሳል፣ ከአሥር በላይ ከሆናችሁ ወሬው ይበዛል። ገንዘብ ያዥ በየዙሩ ቀይሩ፣ ወዳጅነት በገንዘብ ሲበላሽ አይቻለሁ።

8. ከከተማው ውጪም እዪ

ድሬ ላይ ያለው ሥራ ጥቂት ቦታ ላይ ነው የተከማቸው። ባቡሩ፣ ሲሚንቶው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ላይ ነሐሴ 2014 የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና፣ ዩኒቨርሲቲው። ከሠላሳው ስም ውስጥ በእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ሰው ይኑርሽ።

ሲቪሉም፣ ኤሌክትሪካሉም፣ ሜካኒካሉም የየራሱ ሀገር አቀፍ የሙያ ማኅበር አለው። ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ላይ ካለሽ አይ-ትሪፕል-ኢ (IEEE) የሚባለው ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበር የሴት ኢንጂነሮች ክንፍ አለው፣ ተማሪ ሆነሽ ከገባሽ ክፍያው በጣም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሳትመረቂ ግቢ። ሊንክድኢን ላይ ያንን አንድ ገጽሽን ለጥፊው፣ "ሥራ እፈልጋለሁ" ከሚል ጽሑፍ ይሻላል። ሰኔ 16 ዓለም አቀፍ የሴት ኢንጂነሮች ቀን ነው። ያን ቀን ሁለት ተማሪ ጋብዢና ሥራ ቦታሽን አሳዪ። ማርች 8ትን ተዪው፣ ያን ቀን የሚፈልጉሽ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰሽ ፎቶ እንድትነሺ ነው።

9. ስትወልጂ አትጥፊ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጥሻል፣ ከነደመወዙ። ዕረፊ። ግን ከመውጣትሽ በፊት የያዝሽውን ሥራ በሁለት ገጽ ጽፈሽ አስረክቢ፣ ቅጂውን ያዢ። በወር አንዴ ለአንድ ሰው "ምን አዲስ ነገር አለ?" በዪ። ስትመለሺ ወንበርሽ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ እንዳታገኚ የሚያደርገው ያ ወረቀት ነው።

10. ኢንተርን ሲመጣ መሣሪያውን ስጫት

በየዓመቱ ሴት ኢንተርኖች ይመጣሉ፣ ብዙ ቦታ ፋይል ያስደርቧቸዋል። እኔ ክላምፕ ሜትሩን እሰጣቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት የመጣችው አሁን ሌላ ፋብሪካ ገብታለች። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች።

"እህቴ፣ ፓምፑ ይነሳና ይቆማል። ቁልፉን ከፍ አድርጊው እያሉኝ ነው።"

"የፓነሉን ሙቀት ለካሽው?"

"ገና ነው።"

"ለኪና መልሰሽ ደውዪ።"

አሥር ሰዓት ላይ ፎቶው ገባልኝ። ማጣሪያው ጥቁር ነው።